የኮምፒውተሬ ሆድ ዕቃና የፎቶ ቤቱ ኮት

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የቤቴን ኮምፒውተር ጎን በካቻቢቴ ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ፣ ከውስጥ የወጣው ሽታ እጄን ይዞ ወደ ወጣትነቴ መለሰኝ። ነገሩ የጋለ አቧራ ሽታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ጥግ ላይ የነበረችው ፎቶ ቤቴ ሽታ ነው። በጨለማው ክፍል ውስጥ ፎቶ የማጎላበት ማሽን አምፖሉ ሲግል፣ በላዩ ያረፈው የላሊበላ ቀይ አቧራ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ዘውዲቱ ከጓዳ ብቅ ብላ "ምነው፣ ነዘረህ እንዴ?" አለችኝ። "አልነዘረኝም፤ ትዝ አለኝ" አልኳት። "እሱ ይብሳል" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ በዚህ ከተማ ለብዙ ዘመን ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ዛሬ ሁሉም ሰው ፎቶ አንሺ ስለሆነ ይህን ስናገር ወጣቶቹ ይስቁብኛል። ያኔ ግን ከኩልመስክም ሆነ ከሙጃ በእግሩ የመጣ ሰው መልኩን በወረቀት ላይ ማየት ከፈለገ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር። ከወንበሩ ጀርባ በሸራ ላይ የተሳለ ባሕር ከነመርከቡ ተዘርግቷል፤ ሰዓሊው ባሕር አይቶ አያውቅም፣ እኔም አላየሁም፣ ደንበኞቼም አላዩም፣ ስለዚህ ማንም ስህተት አላገኘበትም። ጉርድ ፎቶ አራት ፍሬ በሦስት ብር፣ ፖስታ ካርድ የሚያህለው ሙሉ ቁመት በአምስት ብር። በሦስት ብር ዶሮ ይገዛ ስለነበር፣ ከፊቴ የሚቀመጠው ሰው አንድ ዶሮ እየከፈለ መሆኑን ያውቃል፤ ዓይኑን ለማርገብገብ እንኳ ይፈራል። ከጎኔ ያለው ልብስ ሰፊ ሬዲዮኑን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ይውል ነበር። ዜና ሲነበብ የሰው ፊት ይኮሳተራል፣ የፍቅር ዘፈን ሲመጣ ይለሰልሳል። ስለዚህ ጣቴን አዘጋጅቼ ዘፈኑን እጠብቅ ነበር፤ ከጠረጴዛው ላይ ያለችው የጥጥ አበባ እንኳ ያን ጊዜ የምትፈካ ይመስለኝ ነበር።

ኮቱ ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነው። ከደሴ ያመጣሁት ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነበረኝ፤ ሰፊ ኮሌታ፣ ሁለት ረድፍ ቁልፍ፣ ከቁልፎቹም አንዱ የወለቀ። ከእሱ ጋር ቋጠሮው አንዴ ታስሮ የቀረ፣ በላስቲክ አንገት ላይ የሚገባ ቀይ ከረባት። የላስታ ወንድ ሁሉ በዚያ ኮት ፎቶ ተነሥቷል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ቀጭኑ ሲለብሰው ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እይዝለታለሁ፤ ወፍራሙ ሲመጣ ደግሞ እጁን ብቻ አስገብቶ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ታች ቁምጣና ኮንጎ ጫማ፣ ላይ ኮትና ከረባት። ወረፋ የሚጠብቁት "ከወገብ በላይ ሚኒስትር!" እያሉ ይሳለቁ ነበር፤ ተራቸው ሲደርስ ግን ያንኑ ኮት ይቀበላሉ። ሙሽራ ለብሶታል፣ ተማሪ ለብሶታል፣ ዲያቆን ነጠላውን አስቀምጦ ለብሶታል። ወደ ጦር ሜዳ የሚሄዱ ልጆችም ለእናቶቻቸው ትተውት በሚሄዱት ፎቶ ላይ ለብሰውታል። ዛሬም ድረስ ለቅሶ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ከሟቹ ፊት በፊት የሚታየኝ ኮቴ ነው።

በኩራት የምሠራው አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ፊልሙን ራሱን እነካካዋለሁ። ካሜራዬ ባለ ሦስት እግሩ የእንጨት ካሜራ ስለነበር ፊልሙ የመዳፍ ግማሽ ያህላል፤ ለእርሳስ ይመቻል። በፊልም ላይ ነገር ሁሉ ግልባጭ ነው፣ ፊት ላይ ጥቁር የሆነው ፊልሙ ላይ ነጭ ክፍተት ይሆናል። ያንን ክፍተት በጥቃቅን የእርሳስ ጭረት ስሞላው በወረቀቱ ላይ ብጉሩም፣ የፈንጣጣው ምልክትም፣ የዓይን ሥር ጥላውም ይጠፋል። የሙያው ወግ ነበር፣ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውም እንዲያ ነበር ያሳዩኝ። ደንበኛው አይጠይቀኝም፣ እኔም አልነግረውም። ፎቶውን ተቀብሎ "ለካ እንዲህ ነኝ!" እያለ ደስ ብሎት ይወጣል።

ከዚያ የቀለም ፎቶ መጣ፣ ከዚያ ዲጂታል፣ ከዚያ ስልክ። ኮቱን ብል በላው። የማጉያው ማሽን ለቁራሌ ተሸጠ፣ ወረቀቱና የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ከገበያ ጠፋ። ፊልሞቹን ግን አልጣልኩም። በብስኩት ጣሳና በካርቶን አድርጌ ከአልጋችን ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ዘውዲቱ "እኔ እኮ የምተኛው አገር ሙሉ ሰው ላይ ነው" ትለኛለች። ጡረተኛ ስሆን አንድ እንግዳ ትቶልኝ በሄደው ስካነር እነዚህን ፊልሞች ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ብዬ ተነሣሁ። ወልድያ ወርጄ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰይድ ከሚባል ነጋዴ ዘንድ ኮምፒውተር ገዛሁ። በሆዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ራሙ ስምንት ጊጋባይት ነው ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም ስምንት ደህና ቁጥር መሰለኝ። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር አስሬ፣ በዲልብ ዳገት፣ በኩልመስክ በኩል ያንን ኮረኮንች እየተንገጫገጭኩ ይዤው ገባሁ። ዘውዲቱ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ፊልም አነስ አድርጌ እያስገባሁ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ሲጠይቁኝ ለአባታቸውም ለአያታቸውም ፎቶ እሰጥ ነበር።

ወሬው ኩልመስክ ደርሶ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ብርቄ የምትባል ሴት በራችን ላይ ቆመች። አምሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፤ ከራሷ እስከ እግሯ አቧራ ለብሳለች።

"ጋሽ ካሳ የሚባሉት፣ የድሮው ፎቶ አንሺ፣ እርስዎ ነዎት?"

"የድሮው እንኳ እኔ ነኝ፤ የዛሬው ሁሉም ነው። ግቢ፣ አረፍ በይ።"

"የወንድሜን ፎቶ ፍለጋ ነው የመጣሁ።"

ወንድሟ ጌታሁን ይባላል። እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከመንደሩ ልጆች ጋር ለውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። ከመሄዱ በፊት ለልደት ላሊበላ መጥቶ፣ እኔ ዘንድ ፎቶ ተነሥቶ ለእናቱ አምጥቶላታል። ያ ፎቶ ብዙም ሳይቆይ ቤታቸው ሲቃጠል አብሮ ነደደ። እናታቸው እማሆይ አትጠገብ አሁን አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሌላው እየተከተለ ነው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል።

"ሌላ ምንም አትጠይቅም" አለችኝ ብርቄ። "መድኃኒት አምጡልኝ አትል፣ ጸበል ውሰዱኝ አትል። 'ዓይኔ ሳይዘጋ የጌታሁንን ፊት አንድ ጊዜ አሳዩኝ' ነው የምትል። እኔ ደግሞ መልኩን አላውቀው፤ ልጅ ነበርሁ።"

"ምልክት አለው?"

"እናቴ እንደምትል ከግራ ቅንድቡ ከፍ ብሎ፣ ግንባሩ ላይ፣ በቅሎ የረገጠችው ጠባሳ አለ። ጎድጎድ ያለ፣ አውራ ጣት የሚያሳርፍ።"

"ምን ለብሶ እንደተነሣስ ነግረውሻል?"

ብርቄ እያዘነች ሳቀች። "የእርስዎን ኮት ነዋ፣ ጋሽ ካሳ!"

"አገኘዋለሁ" አልኳት። ዘውዲቱ ከኋላዬ ስትተነፍስ ተሰማኝ፤ ሳልችል ቃል ስገባ እንዲህ ነው የምትተነፍሰው።

በፊልሞቼ ላይ ስም አልጽፍም ነበር፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ የቁጥሩን መዝገብ ደግሞ አይጥ ጨርሶታል። ሆኖም የልደት ሰሞን ፊልሞችን ለብቻ ስለማስቀምጥ፣ የእነዚያን ዓመታት ካርቶን አወጣሁ። ሃያ ሦስት ወጣት ወንዶች፣ ሃያ ሦስቱም በአንድ ኮት፣ ሃያ ሦስቱም ከአንድ መርከብ ፊት። አሳንሼ ሳስገባቸው ሁሉም ወንድማማች ይመስላሉ፤ ጠባሳ ቀርቶ አፍንጫ በቅጡ አይለይም። ስለዚህ ስካነሩ በሚችለው ልክ አጉልቼ ማስገባት ነበረብኝ። የእማሆይ ዓይን ደግሞ ትንሽ ምስል አያይም፤ የልጁ ፊት ስክሪኑን መሙላት አለበት። አጉልቼ ሳዘው ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል፣ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ በዚያው ይደርቃል። አጥፍቼ አስነሣዋለሁ፣ እንደገና ይደርቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ከመጀመሪያው ፊልም አላለፍንም።

ከታችኛው መንገድ ላይ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን እንዳለ የሚባል ጎልማሳ አለ። ተሸክሜለት ሄድኩ። አስነሥቶ ለአፍታ አየና "ጋሼ፣ ይቺ ማሽን አብቅቶላታል፤ አዲስ ይግዙ" አለኝ።

"ምኗ ነው ያበቃው?"

"ሁሉ ነገሯ።"

"'ሁሉ ነገር' የሚባል በሽታ የለም፣ እንዳለ። የትኛው ነው?"

"ስፔኳ ዝቅተኛ ነው።"

"ስፔክ ምንድን ነው?"

"በቃ፣ ውስጧ ያለው ዕቃ ነዋ፣ ጋሼ።"

"እና ውስጧ ምን አለ?"

እንዳለ ስልኩ ጠራለት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገር ግን አላየውም፤ ሳያዩ መፍረድን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም። ማሽኔን አቅፌ ዳገቱን ስወጣ ተናድጄ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር የምገዛበት ገንዘብ የለኝም፣ የእማሆይ ዓይንም እስካጠራቅም አይጠብቀኝም። በራሴ ላይ የተናደድኩት ግን በሌላ ነገር ነው። የዚያን የእንጨት ካሜራ እያንዳንዱን ቡሎን አውቅ ነበር፤ ማጉያው ሲበላሽ በሽቦና በቆርቆሮ እኔው ነበርኩ የምጠግነው። ይህ ሳጥን ግን ስንት ዓመት በዳንቴል ተሸፍኖ ቤቴ ሲቀመጥ፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቄው አላውቅም። ያን ዕለት ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ሳላውቀው አልነሣም አልኩ።

በመጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። የጎረቤት ሰው "ሜሞሪው ሞልቶ ይሆናል፣ አጽዱት" ብሎኝ፣ እኔ ሜሞሪ ማለት ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ መሰለኝ። ሦስት ቀን ስደልት፣ ማለትም ፋይል ሳጠፋ ከረምኩ። የዘመድ ሰርግ ቪዲዮ ደለትኩ፣ ዘፈን ደለትኩ፣ ዘውዲቱ ስንት ዓመት ያጠራቀመቻቸውን መዝሙሮች ሳይቀር ደለትኩ። ኮምፒውተሩ ልክ እንደ ድሮው ደረቀ። ዘውዲቱ ለመዝሙሮቿ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ምሳዬን ታቀርባለች፣ ቃል አይወጣትም። ልክ ነበረች፣ ምክንያቱም ያጠፋሁባት ነገር ከበሽታው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ከዚያ ከሰው ወሬ ወጥቼ ማሽኑን ራሱን ጠየቅሁት። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ፣ ሲስተም የሚለውን ተጫንኩ፣ እስከ ታች ወርጄ አባውት የሚለውን አገኘሁ። ለካ ሁሉም እዚያ ተጽፎ ኖሯል። የማሽኑ አንጎል የሆነውን የፕሮሰሰሩን ስም ፊደል በፊደል ቀዳሁ። ከሥሩ ያለውን የራም ቁጥር ሳነብ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት፤ አራት ጊጋባይት። ወረቀቱ ስምንት ይላል፣ ማሽኑ አራት ነኝ ይላል። ደብተሬ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩና በቀይ አሰመርኩባቸው።

በማግስቱ ሦስት ቁልፎች ባንዴ ሲጫኑ የሚከፈት ታስክ ማናጀር የሚባል ገጽ ተማርኩ። እዚያ ውስጥ የማሽኑ ክፍል እያንዳንዱ ምን ያህል እየደከመ እንደሆነ በመስመር ይታያል። ስካነሩን አስነሥቼ የሜሞሪውን፣ ማለትም የራሙን መስመር እያየሁ ተቀመጥኩ። መስመሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ጣሪያ ነካ፣ ማሽኑ ደረቀ። ፕሮሰሰሩ ግን ግማሹን እንኳ አልሠራም፤ ሃርድ ዲስኩም ባዶ ቦታ ሞልቶታል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፣ የገባኝም በጨለማ ክፍሌ በኩል ነው። ሃርድ ዲስኩ ካርቶኖቼን የምደረድርበት መደርደሪያ ነው። ራሙ ደግሞ ፊልሙንና ወረቀቱን ዘርግቼ የምሠራበት ጠረጴዛ ነው። መደርደሪያዬ ሰፊ፣ ጠረጴዛዬ ጠባብ ነበር። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ መደርደሪያውን ሳጸዳ ኖሬ፣ ትልቅ ሥራ ለምን ጠረጴዛው ላይ አይዘረጋም እያልኩ እናደዳለሁ።

በዚያው ገጽ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ራም የሚገባበት ቀዳዳ ሁለት እንደሆነ፣ የተያዘው ግን አንዱ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። "ሌባ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ሰይድ አራቷን አስቀርቶ፣ የስምንት ወረቀት ለጥፎ ሸጠልኝ ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለዘውዲቱ ነገርኳት፣ ለእንዳለ ደውዬ ነገርኩት፣ በበሩ ለሚያልፈው ጎረቤትም ነገርኩ። ባዶውን ቀዳዳ በዓይኔ ለማየት ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅዬ ካቻቢቴ አነሣሁ፤ ያ ሽታ የመጣብኝም ያኔ ነው።

ከትዝታዬ ስመለስ አቧራውን በቀለም ቅብ ብሩሽ ጠረግሁና አየሁ። ባዶ ቀዳዳ የለም። ሁለት ቀጫጭን የራም ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛዋ ግን በአንድ ወገን ከቦታዋ ብቅ ብላ አዘንብላለች። የዲልብ ኮረኮንች ነው ያነቀላት። ከወልድያ ከመጣንበት ቀን ጀምሮ እዚያው ሆና፣ አንድም ቀን አልሠራችም። አወጣኋትና ወርቃማ ጥርሶቿን በላጲስ ቀስ አድርጌ ጠረግሁ፤ ይህን ዘዴ እንዳለ ሲያደርገው አይቻለሁ። ከዚያ መልሼ በሁለቱም ወገን ቀጭ እስክትል ድረስ ተጫንኳት። ክዳኑን ገጥሜ ሳስነሣው፣ ስምንት አለ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ስልኬን አነሣሁ።

"ሰይድ፣ ካሳ ነኝ፣ ከላሊበላ።"

"አብሽሩ ጋሼ! ዕቃዋ ምን ሆነች?"

"ዕቃዋ ደህና ናት። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የደወልኩ።"

"ለምኑ?"

"ዛሬ ጠዋት ሌባ ብዬሃለሁ። ለሦስት ሰው።"

ነገሩን ከመጀመሪያው ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። "ወላሂ ጋሼ፣ ጭንዎት ላይ ይያዟት ብዬዎት አልነበር! ጣሪያ ላይ ጫኗት እንዴ?" አለ። አዎ፣ ጣሪያ ላይ ነው የጫንኳት። ሦስቱንም ሰዎች በየተራ አግኝቼ ቃሌን መለስኩ፤ ሌባ ለማለት አንድ ደቂቃ፣ ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። በቀን አራት አምስት ፊልም እያጎላሁ አስገባ ጀመር። እነዚያ ልጆች አንድ በአንድ ስክሪኔን ሞልተው ብቅ አሉ። የወለቀው ቁልፍ ክር ይታያል፣ በጸጉራቸው የተቀቡት ቅቤ ያበራል፣ አንዱ ዓይኑ ውስጥ መስኮቴ ከነፍሬሙ ተሥሏል፤ እኔም በመስኮቱ ውስጥ አጎንብሼ አለሁ፣ ቀጭን፣ ጸጉራም። ግን ጠባሳ የለም። ሃያ ሦስቱንም ጨረስኩ፣ አንዳቸውም ግንባር ላይ በቅሎ የረገጠችው ምልክት የለም። ብርቄ ከኩልመስክ ደወለች። "እናቴ ትናንት በሩን በእጇ እየዳበሰች ነው የወጣች" አለችኝ። ዘውዲቱ ቀስ ብላ "ካሳ፣ የለም በላት በቃ፤ ተስፋ ይዛ ከምትቀመጥ" አለች። "አልልም" አልኳት። "ልጁ እኔ ዘንድ ተነሥቷል፣ ፊልም ደግሞ አልጥልም። ከእነዚህ አንዱ ነው።"

ከአንድ ብዬ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ጠባሳ አልፈለግሁም፤ የእያንዳንዱን ልጅ ግንባር ብቻ፣ በተቻለ መጠን አጉልቼ፣ ከዳር እስከ ዳር አየሁ። አሥራ አራተኛው ልጅ ዘንድ ስደርስ እጄ ቆመ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለው ቆዳ ከሌላው ግንባሩ ይልቅ ለስላሳ ነው። አጎላሁት። ለስላሳው ቆዳ ወደ ጥቃቅን ጭረቶች ተበተነ፤ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበሉ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ። ሰው የእጅ ጽሑፉን አይስትም። የእኔ እርሳስ ነው። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሃያ ሦስት ፊት ላይ ስፈልገው የኖርኩትን ጠባሳ ከአርባ ምናምን ዓመት በፊት ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አፈርኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ልጁ ወደማይመለስበት ሲሄድ ለእናቱ ትቶት የሄደውን ፊት፣ እኔ የተሻለ አደረግሁት ብዬ የእሱ እንዳይሆን አድርጌዋለሁ።

ያለውን ምስል በመጀመሪያ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ፤ ፊልሙ ቢበላሽ እንኳ እንዳይጠፋ። ከዚያ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ጥቂት አልኮል ነክሬ፣ መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ፊልሙን ነካሁት። ዘውዲቱ መጥታ ክንዴን ከታች ደገፈችልኝ። ጥጡ ግራጫ ሆነ። ሌላ ጥጥ፣ እሱም ግራጫ ሆነ። ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ፊልሙን መልሼ ስካነሩ ላይ አስተኛሁት፣ ማሽኑም ያለ ምንም ማጉረምረም ሠራው። በግንባሩ ላይ፣ ከግራ ቅንድቡ ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት የሚያሳርፍ ጎድጓዳ ጠባሳ አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቄ እናቷን እየመራች መጣች። እማሆይ አትጠገብ አጭር ናቸው፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደውታል፣ በትራቸው ከእሳቸው ይረዝማል። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቼ አስቀመጥኳቸው። መብራቱ እንዳይሄድ በሆዴ እየተሳልኩ ምስሉን ከፈትሁ።

"ብርሃን ብቻ ነው የማይ" አሉ።

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማሆይ።"

አጎላሁት። ፊቱ ስክሪኑን ሞላ፣ እንደገና አጎላሁት፣ ግንባሩና ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ቀሩ። እማሆይ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀረቡ። ደህናውን ዓይናቸውን ከወዲያ ወዲህ አመላለሱት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አነሡና ሳይስቱ ጠባሳው ላይ አሳረፉት።

"ይህ ድሮ በነበረኝ ፎቶ ላይ አልነበረም" አሉ።

"አዎ፣ አልነበረም። እኔ ነበርኩ ያጠፋሁት። ይቅር ይበሉኝ።"

"ለምን አጠፋኸው፣ ልጄ?"

"እንዲያምር ብዬ።"

"ከነጠባሳው ነበር የሚያምር" አሉኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ ማስረዳት ነው። ከዚያ "ሁለመናውን አሳየኝ" አሉ። ምስሉን ትንሽ ወደ ኋላ መለስኩት፤ አንገቱ ታየ፣ ከዚያ ከረባቱ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ኮት፣ እጅጌው ጣቶቹን የሸፈነ። እማሆይ ከግንባሩ እስከ እጅጌው አዩት። ብርቄ ከኋላቸው ቆማ መልኩን የማታስታውሰውን ወንድሟን ታያለች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

"እኔ እኮ" አሉ እማሆይ፣ ፊታቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ፣ "ሳስበው አብሮኝ አርጅቶ ነበር። ጸሎት ሳደርግለት ሸበቶ ሰው አድርጌ ነው የማስበው።"

እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው የብርቄን እጅ ፈለጉ።

"ብርቄ፣ ልጅ ነው እኮ። እይው እስቲ። ይህን ልጅ ነው የሸኘሁ?"